ግዢው የማንን ባለአክሲዮን አበለጸገ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሌላ ኩባንያ ጠቅልለው ሲገዙ ለባለአክሲዮኖቻቸው ሀብት ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ አክሲዮን ያለው ሰው የግዢ ዜና ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል። ማስረጃም ይደረድራሉ። የግዢ ዜና ሲወጣ የአክሲዮን ዋጋ ይጨምራል። ኢንስታግራምና ዩቲዩብ ምስክር ናቸው። ሁለት ኩባንያ ሲዋሃድ ሲነርጂ፣ ማለትም ለየብቻቸው ከሚያወጡት በላይ ዋጋ፣ ይፈጠራል። ለእያንዳንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ያድጋል። ቢከሽፍም ኪሳራው የወረቀት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ “የማይገዛ ኩባንያ ይሞታል” የሚል ማስፈራሪያ ጣል አድርገዋል።

ጽሑፉ ጥሩ ይነበባል። ጸሐፊው ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን አንባቢዎቹን ሳስብ አላስቻለኝም። አሜሪካ ያለው ወገናችን በጡረታ ቁጠባው የእነዚህኑ ኩባንያዎች አክሲዮን ይዟል። ሲያትል ወይም ሲሊከን ቫሊ በሶፍትዌር ሥራ የተሰማራው ደግሞ ከደመወዙ ጋር አክሲዮን ይቀበላል። አዲስ አበባም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የራሷ የአክሲዮን ገበያ አላት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኩባንያዎቹ መዝገብ እንደዚያ ስለሆነ።)

ግዢ ሀብት አይፈጥርም አልልም። ይፈጥራል። ነገር ግን እርግጠኛው ሀብት የሚገባው ሻጩ ባለአክሲዮን ኪስ ነው። ለገዢው ባለአክሲዮን የሚተርፈው፣ ዋጋው ከገዢው አቅም አንጻር ትንሽ ሲሆንና ከገዢውና ከተገዛው አንዱ ለሌላው የጎደለውን ነገር ይዞ ሲመጣ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ወገኖች ደባልቀው “ባለአክሲዮን” በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል። ችግሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ዋጋው ይጨምራል ስለተባለው

አዎ፣ ይጨምራል። የማን? የሻጩ! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩባንያውን ጠቅልሎ ለመውሰድ የፈለገ ወገን ባለአክሲዮኖቹን ማማለል አለበት። ስለዚህ ከገበያው በላይ ይከፍላል። ያ ጭማሪ ለሻጩ ትርፍ ነው፤ ለገዢው ደግሞ ገና ሥራ ሳይጀመር ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ነው። በበዓል ዋዜማ በግ በውድ የገዛ ሰው፣ ነጋዴው ስላተረፈ እሱም አብሮ አላተረፈም።

የኮምፒውተር አምራቹን ኤችፒን እንይ። ኦገስት 18 ቀን 2011 አውቶኖሚ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሊገዛ መሆኑን አስታወቀ። አውቶኖሚ ካምብሪጅ ውስጥ የተመሠረተ ነው። ኢሜይል፣ ድምፅና ሰነድ አገላብጦ የተፈለገውን የሚያወጣ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። ኤችፒ ያቀረበው ዋጋ ከቀደመው ቀን የገበያ ዋጋ በ64 በመቶ ይበልጣል። እስቲ ይህቺን ቁጥር ረጋ ብለን እንያት። ገበያው ልክ ነበር ካልን፣ ኤችፒ አውቶኖሚን ተረክቦ ዋጋውን በ64 በመቶ ቢያሳድገው እንኳ ገና ወጪውን ነው የመለሰው። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተነገረ። ኤችፒ የኮምፒውተር ክፍሉን ለመለየት እያሰበ ነው ተባለ። ገበያ ከወጣ ሁለት ወር ያልሞላው ታብሌቱም እንደሚቆም ታወጀ። የታብሌቱ ሶፍትዌር የመጣው ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ከተገዛው ፓልም ነበር። አንዱን ግዢ እየቀበሩ ሌላውን ይድሩ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ የኤችፒ አክሲዮን 20 በመቶ ወረደ። ጸሐፊው “ገበያው በዋጋ ድምፁን ይሰጣል” ይሉናል። ይኸው ሰጠ። የኤችፒ የፋይናንስ ኃላፊ ካቲ ሌስጃክ ራሳቸው ግዢውን ተቃውመው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሊዮ አፖቴከር ከወር በኋላ ተሰናበቱ። በኖቬምበር 2012 ኩባንያው ከአውቶኖሚ ጋር በተያያዘ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ፤ የገዛው ነገር ያን ያህል እንደማያወጣ አመነ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው የአውቶኖሚ ሰዎች ሒሳብ በማጭበርበራቸው የመጣ ነው አለ። ክሱ ዓመታት ፈጀ። በፍትሐ ብሔር የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 በአብዛኛው ለኤችፒ ወገን ፈረደ። በወንጀል ግን የአውቶኖሚ መሥራች ማይክ ሊንች በ2024 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነጻ ወጡ። ማን ዋሸ የሚለውን ለጠበቆቹ እንተወው። በገንዘቡ ግን ክርክር የለም። የአውቶኖሚ ባለአክሲዮኖች ጭማሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ፤ የኤችፒዎቹ ከሰሩ።

አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘህ አትደምድም እባል ይሆናል። እሺ። በ2005 የታተመ የታወቀ የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት ከ1998 እስከ 2001 በአሜሪካ የተካሄዱትን ግዢዎች መርምሯል። ዜናው በወጣበት ሰሞን ብቻ የገዢዎቹ ባለአክሲዮኖች 240 ቢሊዮን ዶላር አጥተዋል። ለግዢ ከወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር 12 ሳንቲም ማለት ነው። እዚሁ ጥናት ውስጥ ግን ለጸሐፊው የሚጠቅም ነገርም አለ፤ አልደብቀውም። ጥፋቱን ያመጡት ጥቂት ግዙፍ ግዢዎች ናቸው። እነሱ ተነጥለው ቢወጡ የቀሩት ገዢዎች ተጠቅመዋል። መጠኑ ነው እንግዲህ ነገሩን የሚወስነው።

ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ መከራከሪያ ደግሞ እኔ ልመርቅላቸው። የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች ባንድ ላይ የሚይዝ የኢንዴክስ ፈንድ ያለው ሰው የገዢውም የሻጩም ባለአክሲዮን ነው። ጭማሪው ከአንዱ ኪሱ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪሱ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጉዳቱ ይቀላል። ግን አውቶኖሚ የሚሸጠው ለንደን ገበያ ላይ ነበር። ብዙዎቹ የቴክ ግዢዎችም ገና ገበያ ያልወጡ ኩባንያዎች ናቸው፤ ትርፉ ለመሥራቾቹና ቀድመው ገንዘብ ላፈሰሱት ነው። የባንክና የጠበቃ ክፍያው ደግሞ ከሁሉም ኪስ ይወጣል።

ኢንስታግራምና ዩቲዩብ

እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። ጉግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ድርጅቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ2023 ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ብቻ ከ31 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህን ማን ይክዳል?

ግን የተሳኩትን ብቻ መርጦ መቁጠር ማስረጃ አይሆንም። ያው ጉግል በ2012 ሞቶሮላ ሞቢሊቲን በ12.5 ቢሊዮን ገዛ። በጃንዋሪ 2014 ስልክ የሚሠራውን ክፍል ለሌኖቮ በ2.9 ቢሊዮን ለመሸጥ ተስማማ። እርግጥ አብዛኛውን ፓተንት (የፈጠራ መብት) አስቀርቷል፤ ሌላውንም ክፍል ለብቻው ሸጧል። ስለዚህ ኪሳራው ላይ ላዩን የሚታየውን ያህል አይደለም። ቢሆንም የስልኩ ክፍል እንዲህ ሊሸጥ ታስቦ የተገዛ አይመስልም። ያሁ በ2013 ታምብለር የተባለውን የብሎግ ድረ ገጽ በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2019 በሌላ ባለቤት እጅ ሆኖ ሲሸጥ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደነበር ተዘግቧል። ሚሊዮን ነው ያልኩት፤ የትየባ ስህተት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ጸሐፊው መጠየቅ የነበረባቸው ዩቲዩብ ለምን ተሳካ የሚለውን ነው። አንደኛ፣ ዋጋው ያኔ ከጉግል የገበያ ዋጋ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ቢጠፋም ጉግል አይናጋም። ሁለተኛ፣ ዩቲዩብ ተመልካች ነበረው እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። ቪዲዮ ማስተላለፍ ውድ ነው፤ ሰው ያልተፈቀደለትን ፊልም ሲጭን ደግሞ ክስ ይመጣል። የመዝናኛ ኩባንያው ቪያኮም በ2007 የ1 ቢሊዮን ዶላር ክስ ሲመሠርት ዩቲዩብ ብቻውን ቢሆን ምን ይውጠው ነበር? ጉግል ሰርቨሩን፣ የማስታወቂያ ሥርዓቱን፣ ጠበቃውንና ትዕግሥቱን ይዞ መጣ። አፕልም በ2008 ፒኤ ሴሚ የተባለውን አነስተኛ የቺፕ ኩባንያ በ278 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በራሱ ቺፕ የሚሠራ አይፎን ላይ ደርሷል። ያኔ ዜናው ብዙም አላነጋገረም። ዛሬ ሳየው ግን ከብዙ የቢሊዮን ግዢዎች ይበልጥብኛል።

ኢንስታግራም ትንሽ ይለያል። ፌስቡክ በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ሠራተኞቹ 13 ነበሩ። ባለአክሲዮኑ ተጠቅሟል፤ አያከራክርም። የጥቅሙ ምንጭ ግን ሲነርጂ ብቻ ነበር? ማርክ ዙከርበርግ በ2008 በጻፉት ኢሜይል ላይ ከመወዳደር መግዛት ይሻላል የሚል ሐሳብ አስፍረው ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2020 ክስ ሲመሠርት ይህንን መዘዘው። ዳኛው በኖቬምበር 2025 ለሜታ (የፌስቡክ ኩባንያ የዛሬ ስሙ ነው) ፈረዱ፤ ስለዚህ ሕገወጥ ነው አልልም። ግን ተፎካካሪን ገዝቶ ከገበያ ማስወጣት ለቀጣዩ ገዢ እንዲህ በቀላሉ አይሳካም። አዶቢ ይመስክር። ይህ የዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያ በ2022 ተፎካካሪውን ፊግማን በ20 ቢሊዮን ሊገዛ ነው ሲባል አክሲዮኑ በአንድ ቀን 17 በመቶ ገደማ ወረደ። የእንግሊዝና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች አልተመቻቸውም። በዲሴምበር 2023 ስምምነቱ ፈረሰና አዶቢ 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። ፊግማ ሳይሸጥ ቢሊዮኑን ተቀብሎ በ2025 ራሱ ገበያ ወጣ። እዚህም ያሸነፈው የሻጩ ወገን ነው፤ ሽያጩ ሳይኖር እንኳ!

ሲነርጂ

ጸሐፊው አንድና አንድ ሦስት ይሆናል ይላሉ። የስካይፕን ታሪክ ባንረሳው ጥሩ ነው። ኢቤይ በ2005 ስካይፕን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ኢቤይ ላይ ገዢና ሻጭ አሉ፤ ስካይፕ ያነጋግራል፤ ሲነጋገሩ ይተማመናሉ፤ ሲተማመኑ ብዙ ይገበያያሉ። ተጠቃሚውን የጠየቀ ግን ያለ አይመስልም። አሮጌ ካሜራ በጨረታ የሚገዛ ሰው ሻጩን ደውሎ ማነጋገር አላሰኘውም፤ አጭር መልእክት በቂው ነበር። ስካይፕ በሌላ በኩል እኛን የመሰለ ደንበኛ ሞልቶት ነበር፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ እናቱን በካሜራ ለማየት የሚሞክር፣ መስመሩ ሲቆራረጥ “ይሰማል? ይሰማል?” የሚል። ይህ ሰው ከኢቤይ ጋር ምን አገናኘው?

በ2007 ኢቤይ በስካይፕ ምክንያት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። በ2009 ኩባንያው በ2.75 ቢሊዮን ተገምቶ አብዛኛው ድርሻ ለባለሀብቶች ተሸጠ። በ2011 ማይክሮሶፍት በ8.5 ቢሊዮን ወሰደው። ኢቤይ የተወሰነ ድርሻ አስቀርቶ ስለነበር በመጨረሻ ገንዘቡን አልከሰረም። ይህ ለጸሐፊው ይጠቅማል? እንደ እኔ ይጎዳቸዋል። ገንዘቡ የተመለሰው ሁለቱ ስለተዋሃዱ አይደለም፤ ስለተለያዩና ከዚያም ሌላ ውድ ከፋይ ስለተገኘ ነው። ያ ውድ ከፋይ ማይክሮሶፍት ደግሞ በሜይ 2025 ስካይፕን ዘጋው።

ስለ ሲነርጂ ሌላው ነገር፣ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው። ቀደም ሲል የሠራሁበት ኩባንያ በሌላ ተገዝቶ ነበር። ጠዋት ደስ የሚል ኢሜይል መጣ፤ ከሰዓት ቲሸርት ታደለ። ከዚያ ለወራት የሠራነው ሁለት የደንበኛ መዝገብ አንድ የማድረግ ሥራ ነበር። አዲስ ነገር የሚያስብ አልነበረም። ከሁሉ በላይ የሚፈለጉት ኢንጂነሮች የማቆያ ጉርሻቸው የሚለቀቅበትን ቀን ይቆጥሩ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሄዱ። ገዢው የገዛው ዕውቀት ከሰዎቹ ጋር በበሩ ወጣ። ይህ በየትኛውም የሲነርጂ ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

የአክሲዮን ትርፍ ያድጋል ስለተባለው

ይህ የጽሑፉ ደካማው ነጥብ ነው። በሒሳብ ላሳይ። ሀ የተባለ ኩባንያ በዓመት 100 ሚሊዮን ብር ያተርፋል፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አለው። ለአንድ አክሲዮን 1 ብር ይደርሳል። ገበያው ስለወደደው አንዱ አክሲዮን በ30 ብር ይሸጣል። ለ የተባለው ደግሞ 20 ሚሊዮን ያተርፋል፤ ገበያው ስላልወደደው ጠቅላላ ዋጋው 300 ሚሊዮን ነው። ሀ 10 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን አትሞ “ለ”ን ይገዛል። አሁን ትርፉ 120 ሚሊዮን፣ አክሲዮኑ 110 ሚሊዮን ሆነ። ለአንድ አክሲዮን 1 ብር ከ9 ሳንቲም ደረሰ።

ምን ተለወጠ? ምንም። አንድ ተጨማሪ ዕቃ አልተሸጠም፤ አንድ ወጪ አልተቀነሰም። ሀ ውድ አክሲዮኑን በርካሽ ትርፍ ለወጠ፣ በቃ። የ“ለ” ትርፍ ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ የተዋሃደው ኩባንያ ዕድገትም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ገበያውም ይህን ሲያይ የ30 ብሩን ግምት ይቀንሳል። የ9 በመቶ ዕድገት ተብሎ በዜና የሚነገረው አንዳንዴ ይኸው ነው።

“የወረቀት ኪሳራ”

ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል በ7.2 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ለመግዛት የተስማማው በ2013 ነው። በጁላይ 2015 7.6 ቢሊዮን ሰረዘ፤ ከዋጋው በላይ ማለት ነው። 7,800 ሰውም ሊቀነስ ነው ተባለ። ጸሐፊው ስረዛው ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ ባለአክሲዮኑን አይነካም ይላሉ። ስረዛው በተጻፈበት ቀን ገንዘብ አልወጣም፣ እውነት ነው። የወጣው ቀደም ብሎ ነዋ! ስረዛው የሚነግረን በፊት የወጣው ገንዘብ እንደማይመለስ ነው። ያ ገንዘብ ለትርፍ ድርሻ ሊከፈል ይችል ነበር። ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ሊገዛበትም ይችል ነበር።

“የማይገዛ ይሞታል”

ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2020 አርም የተባለውን የእንግሊዝ የቺፕ ንድፍ ኩባንያ በ40 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነበር። ተቆጣጣሪዎች አላስቻሉትም፤ በፌብሩዋሪ 2022 ተወው፤ አስቀድሞ የከፈለው ከ1.3 ቢሊዮን በላይም ቀረበት። ሞተ? በጁላይ 2025 የ4 ትሪሊዮን ዶላር ዋጋ የደረሰ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። ለሐቁ ሲባል፣ በ2020 በ7 ቢሊዮን አካባቢ የገዛው ሜላኖክስ በእጅጉ ጠቅሞታል። የእስራኤሉ ኩባንያ ብዙ ቺፖችን እርስ በርስ የሚያገናኝ የኔትወርክ ሥራ ያውቅ ነበር፤ ኤንቪዲያ ቺፑ ነበረው፣ የጎደለው ይህ ነበር። ዋጋውም አላናጋውም። ከላይ ካልኩት ጋር ይገጥማል።

ያሁ ደግሞ እየገዛ ወደቀ። በ1999 ብቻ ጂኦሲቲስና ብሮድካስት ዶት ኮም የተባሉ የኢንተርኔት ኩባንያዎችን በ3.6 ቢሊዮንና በ5.7 ቢሊዮን ገዝቷል፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም። በ2008 ማይክሮሶፍት ለራሱ ለያሁ 44.6 ቢሊዮን ዶላር ሲያቀርብ ቦርዱ አልሸጥም አለ። በ2017 ዋናው የኢንተርኔት ሥራው ለቬራይዘን በ4.48 ቢሊዮን ተሸጠ። ለባለአክሲዮኖቹ ሀብት ያመጣላቸው በ2005 የቻይናው የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ አሊባባ ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ የያዘው 40 በመቶ ገደማ ድርሻ ነው። አሊባባ በ2014 ገበያ ሲወጣ ያሁ የድርሻውን ከፊል ብቻ ሸጦ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። አሊባባን ጠቅልሎ አልገዛውም፤ ሥራውንም ለመሥራቾቹ ለነጃክ ማ ተወላቸው።

ጸሐፊው መልስ ለመስጠት ካሰቡ አንድ ነገር ልጠይቃቸው። በጽሑፋቸው የጠቀሷቸውን ግዢዎች አንድ በአንድ ይውሰዱና በዜናው ማግስት የገዢውን አክሲዮን ከሻጩ ለይተው ይጻፉልን። ከዚያ ዋጋው ከገዢው የገበያ ዋጋ ስንት በመቶ እንደነበር ጎኑ ላይ ያስፍሩ። ሠንጠረዡን ካዩ በኋላም ሐሳባቸው ያው ከሆነ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።